የቅባት እህል ዘር በሚስማማው አገር ይዘራ

ገበሬ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ ወደ እርሻው በሚወርድበት ቀን፥ የዓመት ኑሮውን በእጁ ይዞ መሄዱ ነው። ዘሩ ቢበቅልለት ልጆቹ ይጠግባሉ፥ ግብሩን ይከፍላል፥ ለቤተ ክርስቲያኑም ያገባል። ባይበቅልለት ግን የጠፋበት እህሉ ብቻ አይደለም፤ ዳግመኛ የማይመለስ አንድ ክረምትም አብሮ ጠፍቶበታል። ስለዚህ ለገበሬ ዘር የሚሰጥ ሰው፥ ሹምም ይሁን ነጋዴ፥ የሚሰጠው ነገር ከገንዘብ የሚበልጥ አደራ እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። ዛሬ ልናሳስብ የፈለግነው ይህንኑ አደራ የሚመለከት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በምዕራብ ጎጃም፥ ይልቁንም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚዘራውን የቅባት እህል ዘር ከአገሩ አየር ጋር ማስማማት ነው።

በአማርኛችን ከእህል ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት ከጥንት ጀምሮ ቅባኑግ ሲባል ኖሯል። ቃሉም ሲፈታ ቅብዐ ኑግ፥ ማለት የኑግ ቅባት ነው። የተልባውም የሱፉም ዘይት በዚሁ ስም መጠራቱ፥ ኑግ ከቅባት እህሎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ መኖሩን ያስረዳል። ይህም ስም በከንቱ የመጣ አይደለም። ኑግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዱር ወጥቶ የሰው እርሻ የሆነው በኢትዮጵያ ከፍተኛ አገር እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ተስማምተውበታል፤ በላቲን የሚጠሩበትም ስም «አቢሲኒካ» የሚለውን የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ የያዘ ነው። ከእኛ ሌላ ኑግ በብዛት የሚዘራበት አገር ህንድ ሲሆን፥ ወደዚያ የደረሰው በጥንት ዘመን ከኢትዮጵያ ተወስዶ እንደ ሆነ ይታመናል። በ1919 ዓ.ም. የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ አገራችን መጥቶ የሰብል ዘር ሰብስቦ በተመለሰ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ የብዙ ሰብሎች መገኛና የዓይነታቸው መብዣ መሆኗን ለዓለም ጽፎ አስታውቋል።

እንዲህ ስትሆን፥ የቅባኑግ አገር ኢትዮጵያ ዛሬ ሕዝቧ ከሚመገበው ዘይት አብዛኛውን እጅ ከባሕር ማዶ፥ ይልቁንም ከፓልም ዛፍ ፍሬ የተጨመቀውን፥ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች ታስገባለች። ሌላው የሚሸጥልንን ነገር ሌላው ሊከለክለንም እንደሚችል በ2014 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። በዚያ ዓመት በሩሲያና በዩክሬን መካከል የተነሣው ጦርነት የሱፍ ዘይትን ንግድ አወከ፤ ኢንዶኔዥያም ለሕዝቧ ስትል ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ለጥቂት ሳምንታት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። የዘይት ዋጋም በገበያችን ሰማይ ነካ። በዓመቱ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን በጾም ለሚያሳልፍ፥ ወጡንም ያለ ቅቤ ለሚሠራ ሕዝብ፥ ይህ ምን ያህል የቤት ችግር እንደ ሆነ ለካህናት አንባብያን መንገር አያስፈልግም።

ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ፥ በደብረ ማርቆስም የደብሊው ኤ ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀው ተከፍተዋል፤ በቡሬም የግብርና ውጤት የሚቀነባበርበት የኢንዱስትሪ መንደር ተሠርቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ፋብሪካ የመጣለትን ይጨምቃል እንጂ ከራሱ ዘይት አያፈልቅም። መኪናው የሚጠብቀው ከገበሬው ዐውድማ የሚመጣውን ፍሬ ነው፤ ፍሬው ካልበቃ በቤቱ ደጃፍ ኑግ የሚያብብለት ፋብሪካ ጥሬ ዘይት ከውጭ አገር አስመጥቶ ወደ ማጣራት ይገደዳል። ስለዚህ የቅባት እህል ይብዛ፥ ምርጥ ዘርም ይታደል የሚለው ድምፅ በየስብሰባው ሲሰማ ደስ የሚያሰኝ ነው። እኛም የምንቃወመው ነገር የለም። የምንፈራው፥ ዘሩ በችኮላ ሲታደል ለየትኛው አገር እንደሚስማማ ሳይመረመር፥ አንዱ ዓይነት ለሁሉ በአንድ ትእዛዝ እንዳይሰጥ ነው።

የምዕራብ ጎጃምን ምድር የሚያውቅ ሰው አገሩ አንድ አለመሆኑን ያውቃል። ከዓባይ በረሓ ተነሥቶ በወንበርማ በኩል ወደ ቡሬ የሚወጣ መንገደኛ፥ ጠዋት ላብ ሲያጠምቀው ውሎ ማታ ጋቢ ይፈልጋል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2100 ሜትር፥ ፍኖተ ሰላምም ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። ከእነርሱ በላይ የሰከላ፥ የቋሪትና የደጋ ዳሞት ደጋ አለ፤ የዓባይ ምንጭ የሚፈልቅበት ግሽ ዓባይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ከእነርሱ በታች ደግሞ የብር ሸለቆና የዓባይ ተዳፋት አለ። ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቅሎ በአንድ ቀን በምትጨርሰው መንገድ ላይ ዕፀዋት እንደ ሌላ አገር የሚቈጥሩት ልዩነት ይገኛል። አፈሩም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ኮረብታ ቀይና ውሃ የማይዝ፥ በሜዳው ጥቁርና ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቈረ ዋልካ፥ በደጋው ደግሞ በብዙ ዘመን ዝናብ ታጥቦ የኮመጠጠ ነው።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት በመጽሐፍ ሳይሆን በእርሻ ተምረው ለእያንዳንዱ ቅባት እህል ስፍራውን ሰጥተውታል። ሰሊጥ የቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፥ ብርድና የቈመ ውሃ ይገድሉታል። ስለዚህ በሁመራና በመተማ ቆላ ዝናው የወጣው ነጭ ሰሊጥ፥ ከዚያ ከ1200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው በፍኖተ ሰላም ማሳ ቢዘራ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም፤ የስምንት ዲግሪ ገደማ ሙቀት ጐድሎበታልና። ተልባ ደግሞ የደጋ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ይስማማዋል፥ ቆላ ቢወርድ ቶሎ ደርቆ ይቀራል። ጎመን ዘርም በደጋና በለማ መሬት፥ በቤት ዙሪያ ባለ ጓሮ ይበረታል። ኑግ በመካከላቸው የወይና ደጋው ጌታ ነው። የቈመ ውሃ ሌላውን እህል ሲያቢጫጨው እርሱ ይታገሣል፥ በደከመ መሬትም ላይ ይቆማል፥ እርሱ ከተነሣለት መሬት ላይም በሚቀጥለው ዓመት ጤፉና ዳጉሳው የተሻለ ይሆናል። ኑግና ሰሊጥ በአንድ ሙቀጫ ሊገናኙ ይችላሉ፤ «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የተባለውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ምሳሌው የተነገረው ለሙቀጫው እንጂ ለእርሻው አይደለም። በእርሻ ላይ ሰሊጥን ከኑግ ጋር አንድ አድርጎ የሚያዝዝ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል።

ይህ በእህልና በእህል መካከል ያለው ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በአንዱ እህል ውስጥ፥ በዘርና በዘር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኑግን ብቻ ብንመለከት ባላገሩ ራሱ በሦስት ከፍሎ ያውቀዋል። አባት ኑግ የሚባለው በክረምቱ መግቢያ ተዘርቶ ረጅሙን ክረምት ጠጥቶ ወደ ታኅሣሥ የሚታጨድ ነው። ቡንኝ ኑግ የሚባለው ዝናቡ አጭር ለሆነበት ዝቅተኛ አገር የሚሆን፥ በሐምሌ ተዘርቶ በጥቅምት የሚደርስ ፈጣን ዘር ነው። መስኖ ኑግ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ውሃ በጠገበ መሬት ላይ ተዘርቶ፥ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ችሎ በበጋ የሚደርስ አጭር ዘር ነው። ሦስቱም ኑግ ናቸው፤ ሦስቱም ጥቁር ፍሬና ቢጫ አበባ አላቸው፤ በጆንያ ውስጥ ሲታዩም ነጋዴው አይለያቸውም። ገበሬው ግን አንዱን በሌላው ስፍራ ቢዘራው ይከስራል። ቡንኙ በረጅሙ ክረምት አገር ዝናቡ ሳያባራ አብቦ ይበሰብሳል፤ አባት ኑግም በአጭሩ ክረምት አገር ፍሬው ሳይሞላ ውሃ ይጠማዋል።

ለዚህ ነገር የተፈጥሮ ምክንያት አለው። ኑግ የቀኑን ርዝመት የሚቈጥር ተክል ነው፤ ቀኑ እያጠረ ሌሊቱም እየረዘመ ሲሄድ ወደ ማበብ ያዘነብላል። ስለዚህ የሚዘራበት ወር ሲለወጥ የቁመቱም የፍሬውም ልክ ይለወጣል፤ ዘግይቶ የተዘራ ኑግ ገና ቅርንጫፉ ሳይበዛ አበባ ያወጣል። ሙቀቱም የሚገዛው ሌላ ነገር አለ፤ በሞቀ አገር ሁሉም ይፈጥናል፥ በቀዘቀዘ አገር ሁሉም ይዘገያል። እንግዲህ የአንድ ዘር ጠባይ በዘሩ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ግማሹ በዘሩ ውስጥ፥ ግማሹም በአገሩ አየርና አፈር ውስጥ ተጽፎ፥ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ የሚነበብ ነው። የጌታችን የዘሪው ምሳሌም ሁልጊዜ ይህን ያሳስበናል። በመንገድ ዳር፥ በጭንጫ፥ በእሾህና በመልካም መሬት የወደቀው ዘር አንድ ነበር፤ ፍሬው ግን አንድ አልሆነም። ምሥጢሩ ለነፍስ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ምሳሌው የተወሰደው ግን ከገበሬ እውቀት ነው።

የአገራችን የእርሻ ምርምር ይህን ነገር ሲያጠና ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሆለታ ማዕከልነት ከተመረጡት የኑግ ዘሮች መካከል ፎገራ፥ ኩዩ፥ ሻምቡና ጊንጪ የተባሉት ይገኛሉ፤ ከተልባም ጭላሎ፥ በላይ፥ ጦሌና ቁሉምሳ የተባሉት አሉ። ለቆላው ሰሊጥ ደግሞ ሁመራና ሰቲት የሚል ስም የያዙ ዘሮች ወጥተዋል። አንባቢ ልብ ቢል ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ የአገር ስሞች ናቸው። ዘር የአገር ስም መያዙ በአጋጣሚ ቢሆንም እንኳ መልካም ማስታወሻ ነው፤ ሹሙ ጆንያውን በተረከበ ጊዜ «ይህ ዘር በየትኛው አገር ተፈተነ? የእኔስ አገር ያንን ይመስላልን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ከላይ ከጠራናቸው ስሞች አንዱም የቡሬን ወይም የፍኖተ ሰላምን ስም አልያዘም። ይህ ማለት በዚያ አይበቅሉም ማለት አይደለም፤ በዚያም መፈተን አለባቸው ማለት ነው።

በዚህ ላይ አማካይ የሚባለው ቍጥር ብዙ ሰው ያስታል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ዘሮች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በደጋ በሄክታር 10 ኩንታል፥ በቆላ ደግሞ 2 ኩንታል ቢሰጥ፥ ሁለተኛውም በደጋም በቆላም 6 ኩንታል ቢሰጥ፥ የሁለቱም አማካይ 6 ኩንታል ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በጎተራ ግን እኩል አይደሉም። የደጋው ገበሬ የመጀመሪያውን ቢያጣ 4 ኩንታል ቀረበት፤ የቆላው ገበሬ የመጀመሪያውን ቢሰጡት ከልጆቹ አፍ 4 ኩንታል ተነጠቀ። ስለዚህ አዲስ ዘር ሲመጣ «በአማካይ ስንት ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ቀጥሎ መጠየቅ የሚገባው፥ ከፍ ባለው አገር ስንት፥ ዝቅ ባለው ስንት፥ ዝናብ በበዛበት ዓመት ስንት፥ ዝናብ ባጠረበትስ ዓመት ስንት ሰጠ የሚለው ነው።

በዚሁ አኳኋን የባለጠጋና የድኻ ምርጫ አንድ አይደለም። ሰፊ መሬትና የተረፈ እህል ያለው ሰው፥ በመልካም ዓመት እጅግ የሚሰጠውን ዘር መርጦ በክፉ ዓመት ቢከስር ይችለዋል። አንድ ጥማድ በሬና ግማሽ ሄክታር መሬት ያለው ግን የሚፈልገው በመልካም ዓመት የሚያስደንቀውን ሳይሆን በክፉ ዓመት የማይከዳውን ዘር ነው። በምርምር ማዕከል አጥር ውስጥ፥ ማዳበሪያ ተጨምሮለት፥ አረሙ በጊዜው ተነቅሎለት፥ በመስመር ተዘርቶ የታየ ውጤት ለሊቃውንቱ ጥናት አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ኑግ በገበሬው እጅ የሚዘራው ብዙ ጊዜ ያለ ማዳበሪያ፥ በደከመው ማሳ ላይ፥ በብተና ነው። በቡሬና በጃቢ ጠህናን ሜዳ መልካሙን መሬት የተመረጠው በቆሎና በርበሬው ይዘውታልና፥ ለኑግ የሚቀርለት ዳሩና ጭንጫው ነው። ስለዚህ በማዕከሉ አንደኛ የወጣው ዘር በገበሬው ማሳ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የሚያሳየው የገበሬው ማሳ ብቻ ነው።

አገሩ የሚለውጠው የፍሬውን ብዛት ብቻ አይደለም፤ የዘይቱንም ልክና ዓይነት ይለውጣል። የኑግ ፍሬ ከመቶ ከ30 እስከ 50 እጅ ዘይት ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ልዩነት እንደ ዘሩም እንደ አገሩም ነው። ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ አየሩ የቀዘቀዘ ሲሆን፥ ሊኖሌይክ የሚባለውና ለጤና የሚመሰገነው የቅባት ክፍል ይበዛል። የኢትዮጵያ የኑግ ዘይት በዚህ ክፍል ከህንዱ ይበልጥ ባለጠጋ የሆነበት አንዱ ምክንያት የከፍተኛው አገራችን ቀዝቃዛ አየር ነው። እንግዲህ የቡሬው ፋብሪካ ከሁለት ወረዳ ሁለት ጆንያ ኑግ ሲገዛ፥ ሚዛኑ እኩል ቢሆንም የገዛው ዘይት እኩል ላይሆን ይችላል። ገበሬው በኩንታል ብቻ የሚከፈለው ከሆነ፥ ዘይት የበዛበትን ዘር ለመምረጥ ምንም ምክንያት አይኖረውም።

ኑግ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይም መዘንጋት የለበትም። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ኑግ ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። በጥቅምት ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ንቦች ከማሳ ወደ ማሳ የሚሠሩት ሥራ ለጎጃም ማር ይሰጣል፥ ለገበሬውም ፍሬ ይሰጣል። ነገር ግን በዚሁ ሥራ የአንዱ ማሳ ዘር ከጎረቤቱ ማሳ ዘር ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ምርጥ የኑግ ዘር በአገሬው ኑግ መካከል ያለ ርቀት ቢዘራ፥ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረጠበት ጠባይ ይጠፋል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ለአገሩ የማይስማማ ዘር በስፋት ከታደለ፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚያ አየር ጋር የተስማማውን የአገሬውን ዘር ያበላሸዋል። የጤፍና የስንዴ ዘር ቢሳሳት ስሕተቱ በተዘራበት ማሳ ብዙውን ጊዜ ይቀራል፤ የኑግ ስሕተት ግን በንብ ክንፍ ተሳፍሮ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ስለዚህ የቆየውን ዘር መጠበቅ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው የዕፀዋት ዘር ማእከል ከየአገሩ የተሰበሰበ ዘር ያስቀምጣል። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም የገበሬውን ነባር ዘር በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅና ማሻሻል እንደሚገባ በማስተማራቸውና በመሥራታቸው በ1982 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሥራ ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ አዲሱ ዘር የሚሠራው ከአሮጌው ነው። አሮጌው ከጠፋ ሊቃውንቱ ከምን ይመርጣሉ?

አንዳንድ ሰዎች «ለእያንዳንዱ ቀበሌ የተለየ ዘር እንዴት ይዘጋጃል? ወጪውስ በማን ይቻላል? ጊዜውስ አለን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። እኛ የምንለው ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሳይሆን ለእያንዳንዱ አየር ነው። በምዕራብ ጎጃም ደጋውን፥ ወይና ደጋውንና የብርንና የዓባይን ቆላ ለይቶ፥ በወይና ደጋውም ቀዩን አፈርና ዋልካውን ለይቶ መያዝ ከአራት የበለጠ ክፍል አይፈልግም። ለእነዚህ ለአራቱ መፈተኛ የሚወጣው ገንዘብ፥ ያልተስማማ ዘር በብዙ ሺህ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተዘርቶ ከሚያደርሰው ኪሳራ ጋር ሊተያይ አይችልም። ስለ ጊዜም ቢሆን፥ የሁለትና የሦስት ዓመት ፈተና የዘገየ የሚመስለው በጽሕፈት ቤት ላለ ሰው ነው። ለገበሬው ግን በራሱ ማሳ ላይ ሳያውቅ ከሚደረግበት ፈተና ይሻለዋል።

በዚህ ምክንያት ለመንግሥት ሹማምንትና ለእርሻ ሠራተኞች አራት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ የአዴት የእርሻ ምርምር ማዕከልና የየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ተባብረው፥ አዲስ የቅባት እህል ዘር በስፋት ከመታደሉ በፊት በሰከላ ደጋ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ፥ በወንበርማም ዝቅተኛ ክፍል በገበሬዎች ማሳ ላይ ከአንድ ክረምት በላይ ይፈትኑት። በፈተናውም መካከል የአገሬው ነባር ዘር ሁልጊዜ አብሮ ይዘራ፤ አዲሱ ከእርሱ ካልበለጠ ምርጥ ሊባል አይገባውምና። ሁለተኛ፥ ፍርዱ ለሊቃውንቱ ብቻ አይተው፤ ገበሬዎችና ዘሩን የሚያበጥሩት፥ ዘይቱንም የሚያወጡት ሴቶች ተጠርተው ማሳውን አይተው ይፍረዱ። ሦስተኛ፥ የኑግ ዘር የሚባዛበት ስፍራ ከሌላ የኑግ ማሳ የራቀ ይሁን፥ የየአየሩም ዘር በየስሙ ተለይቶ ይቀመጥ። አራተኛ፥ ፋብሪካዎች ፍሬውን ሲገዙ የዘይቱን ልክ መርምረው በዚያ መጠን ይክፈሉ፤ ገበሬውም ፋጉሎውን ለከብቱ በቅናሽ ዋጋ የሚያገኝበት ስምምነት ይደረግ።

ከዚህም ጋር በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ሪፖርት ሊታረም ይገባል። ይህን ያህል ኩንታል ምርጥ ዘር ታደለ የሚለው ቍጥር የሥራ መጀመሪያ እንጂ ፍሬ አይደለም። በታኅሣሥ ዐውድማው ሲጠረግ ያን ዘር የዘሩት ሰዎች ምን ያህል አገቡ የሚለው ካልተጻፈ፥ የታደለው ዘር በረከት ይሁን መርገም ማንም አያውቅም። ዘሩ ሳይስማማ ቀርቶ እንደ ሆነም ያንኑ ሳይደብቁ መጻፍ ለሹሙ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያንኑ ዘር በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ማደል ነው።

ለካህናትም ድርሻ አላቸው። የገጠሩ ካህን ቀድሶ ሲወጣ ሞፈርና ቀንበሩን የሚያነሣ፥ እርሱም እንደ ምእመኑ ገበሬ የሆነ ሰው ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚናገረውን ቃል ባላገሩ ከማንም ይልቅ ያምነዋል። ስለዚህ በየደብሩ ያሉ አባቶች ገበሬው ሁለት ስሕተት እንዳይሠራ ቢመክሩት መልካም ነው። አንደኛው ስሕተት አዲስ ነገርን ሁሉ ሳያይ መጥላት ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ዘር በመጣ ጊዜ የአባቱን ዘር ጠራርጎ መሸጥ ነው። አዲሱን በማሳው ጥግ፥ ነባሩን በሰፊው ዘርቶ፥ ለኑግ ግን ሁለቱን አራርቆ፥ በሁለትና በሦስት ክረምት የሚበልጠውን ራሱ ይይ። የነባሩንም ዘር ጥቂት በቅል ወይም በጋን ያኑር።

በሰከላ፥ የዓባይ ምንጭ በሚፈልቅበት በግሽ፥ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ በክብር ይታሰባሉ። በስማቸው ውስጥ ዘርና በረከት ተባብረው ይነገራሉ። ከዚያ ተራራ የሚወርደው ውሃ የደጋውን ተልባ፥ የወይና ደጋውን ኑግ፥ የቆላውንም ሰሊጥ እያየ ያልፋል፤ ሁሉንም ያጠጣል፥ አንዱንም ግን ወደ ሌላው አይለውጠውም። የእኛም ሥራ እንደዚሁ ሊሆን ይገባል፤ ለእያንዳንዱ አገር የሚስማማውን ዘር አውቀን እናድርስ እንጂ፥ አገሩን በትእዛዝ አንድ እናደርገዋለን አንበል። ይህ ከተደረገ የቡሬው ፋብሪካ ከደጃፉ ፍሬ አያጣም፤ የገበሬው ክረምት በከንቱ አይጠፋም፤ ቅባኑግ የሚለውም የአባቶቻችን ቃል በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ምጣድ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል። እግዚአብሔር የዘሪውን እጅ፥ የሚዘራውንም ዘር ይባርክ።